አርጩሜ ፍለጋ

ባለፈው ኅዳር ልጄን ልመታ ተነሥቼ ሳልመታው ቀረሁ። ታሪኩ ይኼው ነው። ሲያዩት ምንም የለበትም። ግን ወራት አልፈው እንኳ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ሥራ ቦታ ቁጭ ብዬ ትዝ ይለኛል። ቅዳሴ ቆሜ ትዝ ይለኛል። እስቲ ልጻፈውና ይውጣልኝ አልኩ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። ልጆቼን መትቼ አላውቅም የምል ሰው አይደለሁም። ቁንጥጫውም፣ ኩርኩሙም፣ አንዳንዴ ቀበቶውም ነበር። ከመታሁ በኋላ ደግሞ ጥቅስ አላጣም። «በበትር ከመምታት የሚራራ ሰው ልጁን ይጠላል።» ምሳሌ 13፥24። ይቺን የማያውቅ አባት አለ እንዴ? አቡነ ዘበሰማያትን በቅጡ የማይወጣው ሁሉ ይቺን በቃሉ ይላታል።

## የጎደለው 200 ብር

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ጠባሴ አካባቢ፣ ኪራይ ቤት። የሚካኤል ማኅበር አለን፤ 14 ነን። ገንዘብ ያዡ እኔ ነኝ። ለኅዳር ሚካኤል ከየሰዉ 200 ብር ሰበሰብኩ። ሲደመር 2,800 ብር። ፖስታ ውስጥ ከትቼ ቁም ሳጥን ላይ ካለው መጽሐፍ ቅዱስ ሥር አስቀመጥኩት። ከዚያ የተሻለ ቦታ አልታየኝም። እዚያ ማን ይነካል?

ኅዳር 10 ማታ ስቆጥረው 2,600 ሆነ። ደግሜ ቆጠርኩ። ያው 2,600።

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ልጄን አይደለም፤ የቤት ሠራተኛችንን ነው። ጠርቼ ጠየቅኳት። በለሰለሰ አፍ ነው የጠየቅኩት፣ ግን ጥያቄው ያው ጥያቄ ነው። ልጅቷ ክው አለች። «ሚካኤልን! እሱ ይፍረድ!» ብላ ማለች። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች።

የ9 ዓመቱ ልጄ እዚያው ጠረጴዛ ላይ የሒሳብ ቤት ሥራውን እየሠራ ነበር። ደብተሩ ላይ አጎንብሷል። እርሳሱ ግን አይሄድም። አንዲት ቁጥር ላይ ቆሟል። ልጅቷ ታለቅሳለች፣ እርሳሱ ቆሟል። ያን ጊዜ ገባኝ።

ብዙም አላስለፋኝም። ጌም ቤት ነው። ከትምህርት ቤት ሲወጡ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ፕሌይስቴሽን ሲጫወቱ ሰንብተዋል። ከፋዩ የኔ ልጅ ነው። ለካ ሰፈሩ ውስጥ ጋባዥ ሆኗል!

ንዴቴ የገንዘቡ ብቻ አልነበረም። የሚካኤልን ገንዘብ! ከመጽሐፍ ቅዱስ ሥር! ያውም ሰው በሐሰት ሲጠረጠር እያየ ዝም! አንዱን ባንዱ ላይ ደረደርኩት። ልጅቷን የጠረጠርኩት እኔ ነኝ፣ እሱ አይደለም። ግን ያን ሰዓት የኔንም ጥፋት እሱ ላይ ደመርኩት። ሰው ሲናደድ ሒሳብ የሚሠራው እንደዚህ ነው።

«ውጣ! አርጩሜ ቆርጠህ ና!» አልኩት።

ልጄን እንዲህ ብዬው አላውቅም። ቃሉ የአባቴ ነው። መንዝ ስናድግ ቅጣት ሁለት ክፍል ነበረው። አንደኛው አርጩሜውን ራስህ ቆርጠህ ማምጣት ነው። ሁለተኛው መገረፉ ነው። የመጀመሪያው ይብሳል። ቀጭን ካመጣህ «ይኼ ምንድን ነው?» ተብለህ ትመለሳለህ። ወፍራም ካመጣህ በራስህ ፈረድክ። ደረቅ ከሆነ ይሰበራል፤ ሲሰበር ደግሞ የገራፊው ንዴት ይጨምራል። እርጥብ ከሆነ እግርህ ላይ ይጠመጠማል። እኔና ወንድሞቼ ስለ እንጨት የምናውቀውን ሁሉ ያወቅነው በዚህ ነው።

## መቋሚያው

በዚያ ሳምንት አባቴ እኛ ቤት ነበሩ። ከመሐል ሜዳ የመጡት ዓይናቸውን ሊታከሙ ነው። ሞራ ሸፍኗቸዋል። መሪጌታ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ማኅሌት ቆመዋል። አሁን ከጥላ በቀር የሚታያቸው የለም። ያን ምሽት ጓዳ ካለው አልጋ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሁሉንም ይሰማሉ። አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

ልጁ ወጣ። የደብረ ብርሃን የኅዳር ማታ ምን እንደሚመስል ለሚያውቅ አልነግርም። ግቢያችን ሲሚንቶ ነው፤ አጥሩ ቆርቆሮ። አንድ ዛፍ የለም። የአከራያችን አንዲት ጽጌረዳ ነበረች፣ እሷንም ውርጭ መትቷታል። እኔ ይኼን ሁሉ አላሰብኩም። መንዝ ያለሁ መስሎኛል።

አምስት ደቂቃ ሆነ። አሥር ሆነ። ሚስቴ «ልጁን ብርድ ይግደለው ነው?» አለች። እኔ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ንዴቴን እጠብቃለሁ። እውነቱን ለመናገር እየበረደልኝ ነበር። ንዴት ሲበርድ ያሳፍራል። ሲያፍሩ ደግሞ መልሶ ማሞቅ ያምራል። «የሚካኤልን ገንዘብ እኮ ነው» እያልኩ ለራሴ አሞቀዋለሁ። እንዲህ ሳሞቀው በሩ ተከፈተ።

ልጁ የአባቴን መቋሚያ ይዟል።

ለካ በረንዳው ላይ ተደግፎ ነበር። በሁለት እጁ አግድም አድርጎ ይዞታል። ከእሱ ቁመት ይበልጣል። ንፍጡ ከንፈሩ ላይ ደርሷል። «ሌላ እንጨት አጣሁ» አለ።

ተቀበልኩት። ለምን እንደተቀበልኩት አላውቅም። ወይራ ነው፤ ራሱ ነሐስ። ከነሐሱ ዝቅ ብሎ አባቴ ስንት ዓመት የጨበጡት ቦታ አለ። እንደ መስታወት ለስልሷል። እጄ ሳላዘው ሄዶ እዚያ ገባ። ይከብዳል። በዚህ እንጨት ልጅ አይመታም፤ አጥንት ይሰብራል። አባቴ ሌሊቱን ሙሉ ይደገፉታል። ዝማሜ ላይ ከፍ ዝቅ ያደርጉታል። ሲደክማቸው ብብታቸው ሥር ያስገቡታል። መሬት ላይ ተጥሎ አይቼው አላውቅም። እኔ ደግሞ እንደ ሽመል ይዤው ሳሎን መሐል ቆሜያለሁ። ልጄ ጀርባውን አዙሮ ይጠብቃል።

ከጓዳ ድምፅ መጣ።

«መቋሚያዬን ማን ወሰደው? ደጅ ልወጣ ነበር።»

ሽንታቸው መጥቶ ነው። ሌላ ምንም አይደለም። ከሰማይ ድምፅ አልመጣም፤ የአብርሃምን እጅ የያዘው መልአክም አልወረደም። አንድ ሽማግሌ ሽንት ቤት መሄድ ፈለጉ። ምርኩዛቸው እኔ እጅ ላይ ነው።

ልጁ ዞሮ አየኝ። እኔ እንጨቱን አየሁ። ሚስቴ ሁላችንንም አየችን።

«አድርስላቸው» አልኩት።

ይዞላቸው ገባ። ክንዳቸውን ደግፎ ይዟቸው ወጣ። የሚስቴን ስልክ አብርቶ ከፊት ከፊት ያሳያቸዋል። ለማያዩ ሰው መብራት ማብራቱ ራሱ ያስቃል፤ ያን ሰዓት ግን የሚስቅ አልነበረም። እኔ ባዶ እጄን ቀረሁ። እጄን የማደርግበት ጠፋኝ። ኪሴ ከተትኩት።

ሽንት ቤቱ ግቢው ጥግ ላይ ነው። በአባቴ እግር ቢበዛ ሦስት ደቂቃ። እነሱ ግን ሩብ ሰዓት ቆዩ። ድምፃቸው በመስኮት ይሰማል፣ ቃሉ አይለይም። አንዴ አባቴ ሲስቁ ሰማሁ።

ሲመለሱ አልጋቸው ላይ ተቀመጡና ጠሩኝ።

«ለመሆኑ ይኼ 200 ብር ስንት ሰዓት ያጫውታል?»

ነግሯቸዋል። እኔ ያልጠየቅኩትንም ጭምር። ሦስት ቀን እንደሄደ። 30 ብር ከደብተሩ ሽፋን ሥር እንደተረፈው። ልጅቷ ስታለቅስ ሆዱን እንደቆረጠው። እኔ ፊቱ ቆሜ ስጮህ ያገኘሁት «ጌም ቤት» የምትል ሁለት ቃል ብቻ ናት። «እንዴት ነገረዎት?» አልኳቸው።

«ጨለማ ነው፤ እኔም አላይ። ሰው ፊት ካላየ ይናገራል» አሉና ጋቢያቸውን ተከናነቡ።

## ቦቃዋ

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በልጄ ዕድሜ ሳለሁ የሆነ ነገር መጣብኝ።

እረኛ ነበርኩ። የመንዝን በግ የሚያውቅ ያውቃታል። ጠጉሯ በርኖስ ይሆናል፣ እሷ ደግሞ ጨው፣ ጋዝና ደብተር ትሆናለች። አንዲት ቦቃ በግ ነበረችን። የሰው ገብስ ውስጥ እየገባች ታስቸግረኛለች። አንድ ቀን ሮጬ ደረስኩባትና ጎኗን በበትር አቀመስኳት። ልትወልድ ደርሳለች። በኛ አገር የደረሰች በግ መምታት ትልቅ ጥፋት ነው፤ ትጨነግፋለች። እረኛ መጀመሪያ የሚማረው በትር የበግ መምቻ አለመሆኑን ነው። በጎን ትዘረጋውና ታዞርበታለህ። ግፋ ቢል ከፊቷ ያለውን መሬት ትመታለህ። እኔ ይኼን እያወቅኩ መታኋት። ጎረቤት አይቶ ለአባቴ ነገረ።

ማታ «አርጩሜ ቆርጠህ ና» ተባልኩ።

በግ መታህ ተብዬ ተመታሁ። ካደግኩ በኋላ ጨዋታ መሐል ሳነሣው ሰው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያን ማታ ግን መደብ ላይ በሆዴ ተኝቼ አንድ ነገር አልገባኝ አለ። በጓን አትምታ የተባልኩት በሆዷ ያለው እንዳይጎዳ ነው። እሺ፣ እኔ ሆድ ውስጥስ ምንም የለም?

በማግሥቱ ቁርስ ላይ አነሣሁት።

«አባባ፣ ያቺን ቦቃ በግ ያስታውሷታል?»

ፊታቸው በራ። «ቦቃዋን? እንዴት አላስታውሳት! መንታ ወለደችልን እኮ። ሁለቱም ሴት።»

«እኔን በሷ ምክንያት የገረፉኝንስ?»

በሶውን ማላመጥ አቆሙ። «እኔ? ስለ በግ? ኧረ አልመታሁህም።»

አልዋሹም። የምራቸውን ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ የሚባለውን ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። እኔን የገረመኝ ግን መርሳታቸው አይደለም። በጓን አልረሱም። መንታዎቹ ሴት መሆናቸውን አልረሱም። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ተመርጦ የወደቀው የኔ እግር ነው።

ልናደድባቸው ፈለግኩ፤ አልቻልኩም። ወዲያው ወደ ራሴ ዞረብኝ። እኔ ልጄን ከመታሁት ውስጥ የማስታውሰው ስንቱን ነው? ሁለቱን። እሱን ብጠይቀው ስንት ይቆጥርልኝ ይሆን? እስካሁን አልጠየቅኩትም። ፈርቼ ነው።

## ለሚራራ ሰው

እልህ ያዘኝና ተከራከርኳቸው። «እርስዎስ ዳዊት የደገሙት በየኔታ አለንጋ አይደል? ያለ አለንጋ መሪጌታ ይሆኑ ነበር?» ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው የምትለዋን ክርክር ማለቴ ነው። የመጠጥ ቤት ክርክር ሁሉ የሚያልቀው በሷ ነው።

«በአለንጋ ነው» አሉ። ትንሽ ቆዩና በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ስም እየጠሩ። «ስምንት ነበርን። ዳዊት የደገምነው ሁለት ነን።»

«ስድስቱስ?»

«ጠፍተው ሄዱ።»

ከዚያ ስለ በሶው ጨው ማነስ አንሥተው ወቀሱን። እኔ ስድስቱ ላይ ቀረሁ። አለንጋ ሰው አደረገኝ የሚሉት ሁሌም ሁለቱ ናቸው። ስድስቱን የሚጠይቃቸው የለም፤ ማን ያውቃቸዋል?

እሺ፣ መጽሐፉስ? ስልኬን አውጥቼ ምሳሌ 13፥24ን አነበብኩላቸው። በልቤ የምጠብቀው መልስ ነበረ። በትር ያለው የእረኛ በትር ነው፣ መምሪያ እንጂ መምቻ አይደለም የሚሉ ሰዎች አሉ። የእረኝነቴን ነገር ሳስብ ይኼ ትርጉም ደስ ይለኛል። አባቴም እንዲሉልኝ ፈለግኩ። እሳቸው ግን አልቀመሱትም።

«አታጣምመው። በትር ካለ በትር ነው። ምዕራፍ 23 ላይ ‹በበትር ብትመታው አይሞትም› ይላል። የማይመቱበት በትር ከሆነ፣ አይሞትም ማለት ለምን አስፈለገው?»

አፌን ዘጉት።

«እስቲ እንደገና አንብበው» አሉ።

«በበትር ከመምታት የሚራራ ሰው…»

«ለማን ነው የተጻፈው?»

«ለሚራራ ሰው።»

«አንተ ትላንት ማታ ራርተህ ነበር?»

ይቺን ጥቅስ ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ አውቃታለሁ። እንዲህ ሆና ግን አንድም ቀን አልታየችኝም። የተጻፈችው ልጁን ከመጠን በላይ አባብሎ ለሚያበላሽ አባት ነው። የምንጠቅሳት ግን ማን ነን? ደሙ የፈላ፣ ቀበቶውን ግማሽ የፈታ ሰው። ለአንዱ በሽታ የታዘዘውን መድኃኒት ሌላው በሽተኛ ይውጠዋል። ለተናደደ አባት የተጻፈው ሌላ ቦታ ነው። ኤፌሶን 6፥4 ላይ «አታስቆጡአቸው» የሚል አለ። ቆላስይስ 3፥21 «ልባቸው እንዳይዝል» ብሎ ይጨምርበታል። ቀበቶ ሲፈታ ቆላስይስን የጠቀሰ አባት ገጥሟችሁ ያውቃል?

ግን ነገሩ በዚህ አያበቃም። ያቺው ጥቅስ ሁለተኛ እግር አላት። «ልጁን የሚወድድ ግን ተግቶ ይገሥጸዋል።» ተግቶ። ሦስት ቀን ሙሉ ልጄ ከትምህርት ቤት አርፍዶ ገባ። የት ነበርክ አላልኩትም። ደክሞኝ ነበር። እሱ ዝም ካለ እኔም ዝም ነው፤ ስልክ ላይ ነኝ። ያ ደግሞ ርኅራኄ ሊባል ነው? ስንፍና ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነበር። በቅጠሉ ጊዜ ተኝቼ፣ ሲቃጠል እንጨት ፈለግኩ። አሁን አሁን ልጅ የሚመታባቸውን ቤቶች ሳስብ (የኔን ጨምሮ) ዱላው የመጣው ከትጋት ሳይሆን ካለመትጋት ይመስለኛል። ቀድሞ ያልተጠየቀው ጥያቄ ሁሉ ተጠራቅሞ በአንድ ምሽት ይወርዳል።

አንድ ነገር ደግሞ አሳፈረኝ። ጾም ስገድፍ ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ። ሰው ሳማ እናገራለሁ። ልጅ መታሁ ብዬ ግን ተናዝዤ አላውቅም። ኃጢአት ሊሆን ይችላል ብዬም አስቤ አላውቅም።

## ረጋ ብሎ መምታት

መሥሪያ ቤት አንድ ጓደኛ አለኝ፤ ጴንጤ ነው። ታሪኩን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። «የኛ እንደዚህ አይደለም» አለ። እሱ በንዴት አይመታም። መጀመሪያ ጥፋቱን ለልጁ ያስረዳዋል። ንዴቱ እስኪበርድ ይጠብቃል። ከዚያ መቀመጫው ላይ ብቻ፣ ቆጥሮ ይመታዋል። ሲጨርስ ያቅፈዋል። አብረው ይጸልያሉ። ዕብራውያን 12ን ጠቀሰልኝ፤ ጌታ የሚወደውን ይቀጣዋል የሚለውን። በሱ ቤተ ክርስቲያን ሁሉም እንደሱ አያምንም፣ ሚስቱ ራሷ አትስማማም። እሱ ግን የጸና ነው።

ሰውዬው ጥሩ አባት ነው። ልጆቹ ሲያዩት ይሮጡለታል። ከኔ ጩኸት የሱ ሥርዓት ይሻላል፤ ይኼን አልክድም። ግን አንድ ነገር ይከብደኛል። እኔ በንዴት ስመታ ልጄ «አባዬ ተናዶ ነው» ብሎ ሊያልፈኝ ይችላል። ረጋ ብሎ፣ ቆጥሮ፣ በጸሎት ዘግቶ የሚመታን አባት ልጅ በምን ያልፈዋል? እግዜርንም ጨምሮ መቀየም ሊኖርበት ነው። ይኼን አልነገርኩትም። ቡናችንን ጠጥተን ተለያየን።

እናቴ ትዝ አለችኝ፤ ነፍሷን ይማር። ቤታችን ግድግዳ ላይ አለንጋ ተሰቅሎ ነበር። ስናጠፋ እናቴ በዓይኗ ወደዚያ ታሳየናለች። «አየሃት?» ትላለች። በቃ። ያቺ አለንጋ በእናቴ እጅ አንድም ቀን ከሚስማሯ አልወረደችም። ከ1,600 ዓመት በፊት ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ለወላጆች የመከረው ይኼንኑ ነው። ልጁ አለንጋን ይፍራ እንጂ አይቅመሰው፣ ሁልጊዜ ከተመታ ይለምደውና ይንቀዋል ይላል። ዛቻው የምር አለመሆኑ እንዳይታወቅበት፣ ፍርሃቱ ከሠራ ደግሞ እንዲላላ ይመክራል። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። አፈወርቅን ከየት አግኝታው ነው?

መፍራቱ ግን ዋጋ አያስከፍልም አልልም። ያ ሚስማር ግድግዳው ላይ የት ጋ እንደነበር ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ ላሳያችሁ እችላለሁ።

ሕጉን የጠየቀኝ ሰው ስለነበረ ባጭሩ ልበል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት አላቸው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 576 ልጅን የሚያንገላታን ይቀጣል። ወላጅ ለአስተዳደግ ብሎ ከሕግ ሳይወጣ የሚወስደውን የእርምት እርምጃ ግን አይቀጣም። እንግዲህ ሕጉ በሬ ድረስ መጥቶ ይቆማል። ከበሩ ወዲህ ያለነው እኔ፣ ልጄና መጽሐፉ ነን።

## በትርከ ወቀስታምከ

ልጁ ምን ሆነ? በነጋታው ማንም ሳያዘው ሠራተኛችን ዘንድ ጓዳ ገባና ይቅርታ ጠየቃት። ጉልበቷን ይዞ። እሷ አንሥታ ሳመችው። እኔ ይቅርታ ለመጠየቅ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ስጠይቃትም ዓይኗን አላየኋትም።

የተረፈውን 30 ብር መለሰ። ከሆያ ሆዬና ከእንቁጣጣሽ ያጠራቀመው 120 ብር ነበረው፤ እሱንም ቆጥሮ ሰጠኝ። ሲቆጥር ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። ከዱላ በላይ ያመመው ይኼ ይመስለኛል። 50 ብር ቀረበት። በየሳምንቱ ከኪስ ገንዘቡ እየቆረጥኩ ጨረስነው። እኔ መጀመሪያ ማኅበርተኛው ፊት ቆሞ እንዲናገር አስቤ ነበር። ሚስቴ «ያ ደግሞ በ14 ሰው እጅ መምታት ነው» ብላ ከለከለችኝ። ልክ ነበረች።

አባቴ በሰነበቱበት ጊዜ ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሳቸው እሱ ሆነ። ቅጣት አይደለም፤ ማንም አላዘዘውም። በዚያ ሁሉ ብርድ ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቶ ክንዳቸውን ይዞ ይወጣል።

አንድ ጠዋት ከመውጣታቸው በፊት አባቴ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። ዓይን ባይኖርም ዳዊቱ በቃል ነው። 22ኛው መዝሙር ላይ ሲደርሱ ጆሮዬ ቆመ። «በትርከ ወቀስታምከ እማንቱ ገሠጻኒ።» በአማርኛው «በትርህና ምርኩዝህ እነርሱ ያጸናኑኛል» ነው የሚለው። ግእዙ ገሠጹኝ ይላል፣ አማርኛው ያጸናኑኛል። በትሩ ያው በትር፣ ምርኩዙም ያው ምርኩዝ ነው። መቋሚያው ጉልበታቸው ላይ ተጋድሟል።

«አባባ፣ ‹ገሠጻኒ› እንዴት ‹ያጸናኑኛል› ሆነ?» አልኳቸው።

በእጃቸው ዝም በል አሉኝ። «ጸሎቴን አታቋርጠኝ።»

ሲጨርሱ እጠይቃቸዋለሁ ብዬ ቆየሁ። ልጁ ግን ጫማውን አስሮ በር ላይ ቆሞ ነበር። ተያይዘው ወጡ። ከዚያ በኋላም ሳልጠይቃቸው ቀረሁ።

ዓይናቸው ተሠርቶላቸው በጥር ወደ መሐል ሜዳ ተመለሱ። ያያሉ። መኪና ተራ ስሸኛቸው መቋሚያውን ከሾፌሩ ጀርባ አቁመው፣ ሰው እንዳይረግጥባቸው እያዩ ነበር የሄዱት።

ባለፈው ሳምንት ልጁ የቤት ሥራ የለኝም ብሎ ዋሸኝ። ደብተሩን ስገልጠው ሙሉ ገጽ ተሰጥቶታል። ደሜ ፈላ። የማስበውን ሁሉ፣ እዚህ የጻፍኩትንም ሁሉ ረሳሁት። አፌ ለመደና «ውጣ! አርጩሜ ቆርጠህ ና!» አለ።

ልጁ ተነሣ። በሩ ጋ ደረሰና ቆመ። ዞር አለ። እያላገጠ አይደለም፤ የምሩን ግራ ገብቶት ነው።

«አባዬ፣ አባባ እኮ የሉም። የማንን ላምጣ?»